ልመናና አቤቱታ

በአገራችን ከሰው ደጃፍ ቆሞ ድምፅን ከፍ ማድረግ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው «ስለ ማርያም» የሚለው የልመና ጥሪ ነው። ሁለተኛው «አቤት! አቤት!» የሚለው፣ ተበዳይ ለዳኛ የሚያሰማው ጥሪ ነው። ከሩቅ ለሚሰማ ሰው ሁለቱም የችግረኛ ድምፅ ናቸው፤ ሁለቱም ከውጭ ወደ ውስጥ ይጣራሉ። ቀረብ ብሎ ላስተዋለ ግን በሁለቱ መካከል የሰማይና የምድር ያህል ርቀት አለ። ለማኙ የሚጠይቀው የሌላውን ቸርነት ነው፤ «እግዜር ይስጥህ» ከተባለ ወደሚቀጥለው ደጅ ያልፋል እንጂ «ለምን ከለከልከኝ?» አይልም። አቤት ባዩ የሚጠይቀው የራሱን ነው። ዳኛው ዝም ቢለው ነገ ይመለሳል፤ ቢፈርድበት ይግባኝ ይላል። አቤቱታ የሚለው ቃላችን ራሱ የተወለደው ከዚሁ ጥሪ ነው።

እንግዲህ ይህ ጽሑፍ ሊመረምረው የተነሣው ጥያቄ የሚከተለው ነው። ዓይኑን ያጣ፣ እግሩ የማይታዘዝለት፣ ጆሮው የማይሰማለት ሰው ወደ መደብር፣ ወደ መሥሪያ ቤት ወይም ወደ ፋብሪካ በር ሲመጣ ከሁለቱ ጥሪዎች በየትኛው ሊጣራ ይገባዋል? መልሱ ቀላል ይመስላል፤ በወረቀት ላይ ከተመለሰም ቆይቷል። በኅሊናችን ውስጥ ግን አልተመለሰም።

ነገሩን ከቅርብ ለማየት ምዕራብ ጎጃምን እንውሰድ። ይህ አገር ሙግት የሚያውቅ አገር ነው። ገበሬው ለአንድ እርምጃ ድንበር፣ ለአንዲት የውኃ ቦይ ስንቁን ቋጥሮ ከደጋ ዳሞት ፍኖተ ሰላም ድረስ ይወርዳል። አያቶቹ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ያውቁበት ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላ ለነጠላ ተቆራኝተው ዳኛ ፍለጋ ይሄዱ ነበር፤ ዳኛ ቢታጣ መንገደኛውን «በሕግ አምላክ!» ብለው አስቁመው ከዛፍ ሥር ያስቀምጡታል። ከዚያም «ተጠየቅ» እየተባባሉ፣ በትር እየሰበቁ፣ ማር ወይም በቅሎ እየተወራረዱ ነገራቸውን ያሰማሉ። እኔ እንደ ተውኔት ጸሐፊ ይህን የአገራችን የመጀመሪያ መድረክ አድርጌ እቈጥረዋለሁ። ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ግን ነጠላው ነው። ባለጠጋውና ድኻው በአንድ ቋጠሮ ከታሠሩ በኋላ፣ ነገሩ ተሰምቶ እስኪያበቃ ድረስ፣ አንዱ ከሌላው ቀድሞ መሄድ አይችልም።

ታዲያ ይህን ያህል ሙግት በሚያውቅ ሕዝብ መካከል አካሉ የተጎዳው ሰው ቦታው የት ነበር? ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ ከገበያ መግቢያ፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያ። ተረታችንም ይህንኑ አጽንቶለታል፤ «ዕውር ቢሸፍት ከጓሮ አያልፍ» እንላለን። የተረቱ ጭካኔ ሰውየው ለማመፅ ምክንያት እንዳለው ሳይክድ፣ ርቆ እንደማይሄድ አስልቶ መሣቁ ላይ ነው።

የዘመናዊው ሕጋችን ታሪክ ከዚህ አስተሳሰብ ቀስ በቀስ የመውጣት ታሪክ ነው ማለት ይቻላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ340ኛው አንቀጹ ደንቆሮና ዲዳ የሆኑትን፣ ዓይነ ስውራንን፣ እንዲሁም በማይድን ጉድለት ምክንያት ራሳቸውን መጠበቅ ወይም ንብረታቸውን ማስተዳደር የማይችሉትን ሰዎች ይጠቅሳል። እነዚህ ሰዎች ለአእምሮ ሕመምተኞች የተደነገገውን ጥበቃ ለራሳቸው ሊጠሩት እንደሚችሉ ይፈቅዳል። የሕጉ አሳብ ክፉ አልነበረም፤ ከመታለል ሊያድናቸው ነው። ሆኖም አንድ ዓይነ ስውር መጠለያ ሲያሻው የተዘጋጀለት ቤት የዕብድ ቤት ሆኖ ተገኘ። በ1963 ዓ.ም. ድኩማንን መልሶ የሚያቋቁም መሥሪያ ቤት እንዲፈጠር የታወጀው ትእዛዝ ቁጥር 70 ደግሞ በድኩማን ትርጉሙ ውስጥ በልጅነትና በእርጅና ምክንያት ሠርተው መኖር የማይችሉትንም ጨመረ። ሕፃኑ፣ ሽማግሌውና አንካሳው በአንድ ስም ተጠሩ። የሚያገናኛቸውም አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ የሰው እጅ ማየት።

የአካል ጉዳተኞችን ሥራ የሚመለከት አዋጅ በ1986 ዓ.ም. ወጣ፤ ዋናው ለውጥ የመጣው ግን እርሱን በተካው በአዋጅ ቁጥር 568/2000 ነው። አንባቢ እዚህ ላይ ትንሽ ቢታገሠኝ፣ ሕግ አብዝቼ መጥቀሴ ያለ ምክንያት አይደለም። ይህ አዋጅ አካል ጉዳተኛን ሲተረጉም ስለ ሥጋ ብቻ አልተናገረም። የአካል፣ የአእምሮ ወይም የስሜት ሕዋሳት ጉዳት ከማኅበራዊ፣ ከኢኮኖሚያዊና ከባህላዊ መድልዎ ጋር ሲገናኝ፣ በዚህም የተነሣ የሰውየው እኩል የሥራ ዕድል ሲቀንስ፣ ያን ጊዜ ሰውየው አካል ጉዳተኛ ነው አለ። በዚህ ትርጉም መሠረት ግማሹ ጉዳት በሰውየው እግር ላይ ካለ፣ ግማሹ በእኛ ዓይን ውስጥ ነው። ባለቅኔ ሰምና ወርቁን ለይቶ እንደሚያሳይ፣ ሕግ አርቃቂው ስንኩልነት የምንለው ነገር የተሠራበትን ሁለቱን ክር ለያይቶ አሳየን።

ከትርጉሙ የማያንስ ሌላም ነገር አለው። አካል ጉዳተኛው በቅጥር፣ በዕድገት፣ በምደባ ወይም በዝውውር አድልዎ ደረሰብኝ ብሎ ሲከስ የማስረዳት ሸክም እንዳይጫንበት ደነገገ፤ አላደላሁም ብሎ ማስረዳት የአሠሪው ዕዳ ሆነ። ይህን ለቀድሞው የጎጃም ተሟጋች ብትነግሩት ሳይገርመው አይቀርም፤ በእርሱ ዘመን ከሳሽ ምስክር መቁጠር ነበረበት። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። አሠሪው «አልቀጠርኩህም» ያለበትን እውነተኛ ምክንያት የሚያውቀው ራሱ ነው፤ መዝገቡም፣ የፈተናው ውጤትም፣ ኮሚቴው የተነጋገረበት ቃለ ጉባኤም በእጁ ነው። የተጣለው ቅጣት ግን ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ነበር። ዛሬ በቡሬ ገበያ በ5,000 ብር አንድ ደኅና ሙክት አይገኝም። ትርጉሙን የጻፈው ሊቅና ቅጣቱን የጻፈው ሒሳብ ሠራተኛ አንድ ቀን እንኳ ተገናኝተው ቡና የጠጡ አይመስልም።

በዚሁ አዋጅ ውስጥ እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ «የሥራው ጠባይ የማይፈቅድ ካልሆነ በቀር» የሚለው ሐረግ ነው። ሐረጉ አስፈላጊ መሆኑን አልክድም። ዓይነ ስውር አውቶቡስ ይንዳ የሚል የለም። ይሁን እንጂ የሥራውን ጠባይ የሚወስነው ማን ነው? ይህ ክርክር ከአውሮፓ የመጣ አዲስ ነገር እንዳይመስለን። ቤተ ክርስቲያን በሐዋርያት ስም የምትቀበላቸው ጥንታውያን ቀኖናዎች አንድ ዓይኑ የጠፋ ወይም እግሩ የሚያነክስ ሰው የተገባው ከሆነ ለጵጵስና እንዲሾም ይፈቅዳሉ፤ ሰውን የሚያረክሰው የሥጋው ጉድለት አይደለም ይላሉና። ወዲያው ግን ፈጽሞ የማያየውንና የማይሰማውን ይከለክላሉ፤ ርኩስ ስለሆነ ሳይሆን የቤተ ክርስቲያን ሥራ እንዳይታጎል ነው ይላሉ። ስለ ሰውየው ክብርና ስለ ሥራው መቃናት የሚነሡት ሁለት ጥያቄዎች በዚያን ዘመን ተለይተው ታውቀዋል። ዛሬም ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ጥያቄ በሁለተኛው ልብስ ሸፍነን እናቀርበዋለን።

ሩቅ ሳንሄድ የጎጃምን ቅኔ ቤት እንመልከት። ዓይነ ስውር ሆኖ ቅኔ የሚያስቈጥር፣ ዜማ የሚያርም፣ የደቀ መዝሙሩን ስሕተት ከቤቱ ማዶ ሰምቶ የሚገሥጽ መምህር ለዚህ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። ትምህርቱ በቃልና በጆሮ የሚሄድ ስለሆነ ዓይን ማጣቱ ከወንበሩ አያወርደውም። ያው ሰው በዘመናዊ ትምህርት ቤት አልፎ፣ ሕግ አጥንቶ ዳኛ ልሁን ቢል ግን «የምስክሩን ፊት ሳታይ እንዴት ትፈርዳለህ?» የሚል ጥያቄ ይጠብቀዋል። ለዚህ ጥያቄ ደቡብ አፍሪካ በተግባር መልሳለች፤ ዓይነ ስውሩ ዛክ ያኩብ ከ1998 እስከ 2013 እ.ኤ.አ. በአገሪቱ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነው አገልግለዋል። ከእኛም ከወሎ ሣይንት የተነሣችውን የሕግ ባለሙያ የትነበርሽ ንጉሤን መጥቀስ ይቻላል። በ5 ዓመቷ የዓይን ብርሃኗን አጣች፤ በ2017 እ.ኤ.አ. አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበለች። ዕውርነቷ ከልጅነት ጋብቻ እንዳዳናት እርሷው ደጋግማ ተናግራለች። ኅብረተሰቡ ለሚስትነት አትሆንም ብሎ በተዋት ጊዜ ለትምህርት ቤት ተረፈች ማለት ነው። ምን ዓይነት አገር ነው ሴት ልጁ ወደ ቀለም የምትደርሰው በእንከኗ አሳብቦ ሲተዋት ብቻ የሚሆነው!

ወደ በሩና ወደ ደረጃው እንመለስ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በ36ኛው አንቀጹ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ሁሉ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱና መራመድ ችለው ደረጃ መውጣት የማይችሉ ሰዎች የሚገቡበት መንገድ እንዲኖረው አዘዘ። በሚቀጥለው ዓመት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት የአገሪቱ ሕግ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ግራና ቀኝ፣ በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃዎች በቅለዋል። ብዙዎቹ ከመንገዱ ከፍ ብለው፣ ደረጃቸውን በሰድር አስጊጠው የቆሙ ናቸው። ፍኖተ ሰላም ማለት የሰላም መንገድ ማለት ነው፤ መንገዱ ከአንዳንዱ በር ሦስት ክንድ ሲቀረው ያልቃል። አንዳንዱ ባለ ሕንፃ ደግሞ ዘንበል ያለ መወጣጫ ሠርቷል፤ ግን ቁልቁለቱ በተሽከርካሪ ወንበር ቀርቶ በባዶ እግር የሚያንሸራትት ነው። የሠራው ለመሐንዲሱ ፊርማ ነው እንጂ ለሰው አይደለም።

አንድ ጊዜ ይህንኑ ነገር በቡሬ ለአንድ ነጋዴ አንሥቼለት ነበር። ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱን ከተማው ይመሰክርለታል።

«ወንድሜ» አለኝ፣ «እኔ በወር በወሩ የሚካኤልን ዝክር እዘክራለሁ። ከደጄ የምትቀመጠውን ዓይነ ስውር አንድ ቅዳሜ ባዶ እጇን ሰድጃት አላውቅም። ታዲያ በምን ዕዳዬ ነው ስለ ደረጃ የምከሰሰው?»

«ጋሼ፣ ሴትዮዋ አንድ ቀን ገብታ ጨርቅ ገዝታዎት ታውቃለች?» አልኩት።

«ምን ገንዘብ አላት ብለህ ነው!» ብሎ ሣቀ። ቈየት ብሎ ግን «ለነገሩ ጠይቄያት አላውቅም» አለ።

የጥያቄው ሥር ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ነጋዴው ለሴትዮዋ የሚሰጣት እውነተኛ ምጽዋት ነው፤ እንዲያቃልሉት አልፈልግም፤ ብዙ ሰው በዚህ ምጽዋት ሕይወቱን አትርፏል። ነገር ግን ምጽዋቱና ደረጃው እርስ በርስ ይጠባበቃሉ። ደረጃው ሴትዮዋን ከደጅ ያስቀራል፤ ከደጅ በመቅረቷ ለማኝ ትሆናለች፤ ለማኝ በመሆኗ እርሱ ቸር ይሆናል። ደንበኛ ሆና ብትገባ፣ ዋጋ ብትከራከረው፣ ጨርቁ ነትቧል ብላ ብትመልስለት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያገኘው ምርቃት ይቀርበታል። በምትኩ የሚያገኘው ሙግት ነው። ሙግት ደግሞ ምርቃት የለመደን ጆሮ ያስከፋል። መብቱን የሚጠይቅ አካል ጉዳተኛ «ምስጋና ቢስ» የሚባለው፣ እስከ ትናንት የተሰጠው ሁሉ በስጦታ ስም ስለ ተሰጠው ነው።

ስለ ገንዘቡ የተነሣው ቅሬታ ግን ሊሰማ ይገባዋል። የ2000 ዓ.ም. አዋጅ ራሱ ሰምቶታል። አሠሪው የሥራ ቦታውንና መሣሪያውን ለሠራተኛው እንዲያስማማ ካዘዘ በኋላ፣ ከአቅም በላይ የሆነ ጫና ቢሆንበት እንደማይገደድ ደነገገ። ጫናውም የሚመዘነው በማስተካከያው ዓይነትና ዋጋ፣ በድርጅቱ ስፋት፣ በሠራተኞቹ ቁጥር ነው። ስለዚህ በጣውላ ኪዮስክ ውስጥ ስኳርና ጨው የምትሸጥ እናትና ለቡሬ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚቋቋም ፋብሪካ በአንድ ሚዛን አይቀመጡም። ፓርኩ የተመረቀው በ2013 ዓ.ም. ነው፤ በርበሬውና በቆሎው ተዘጋጅቶ እንዲወጣበት የታሰበ ሰፊ የሥራ ቦታ ነው። እንደዚህ ያለው አዲስ ቦታ ገና ሲነደፍ ደረጃውን ዝቅ ማድረግ ብዙ ወጪ የለውም፤ ከተገነባ በኋላ ግን አፍርሶ መሥራት ነው።

ሌላ ሥጋትም አለ። ክስ ይበዛል፣ ክስ ንግድ ይሆናል የሚሉ አሉ። ይህ ከንቱ ወሬ አይደለም፤ በአሜሪካ ታይቷል። በዚያ አገር በመጋቢት 1982 ዓ.ም. አካል ጉዳተኞች ክራንቻቸውንና ወንበራቸውን ጥለው የምክር ቤቱን ደረጃ በደረታቸው እየተሳቡ ወጡ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ አድልዎን የሚከለክለው ሕግ ተፈረመ። ከዚያ በኋላ ክሱ ጎረፈ። በካሊፎርኒያ ግዛት ሕግ ተበዳዩ ለአንድ በደል ቢያንስ 4,000 ዶላር ስለሚካስ፣ ከሱቅ ሱቅ እየዞሩ ስሕተት የሚለቅሙ ከሳሾችና ጠበቆች ተነሡ። አንዲት የፍሎሪዳ ነዋሪ ከ600 በላይ ሆቴሎችን ከሰሰች፤ የብዙዎቹን ደጃፍ ልትረግጥ አስባ አታውቅም ነበር። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኅዳር 2016 ዓ.ም. ክርክሩ ከሕይወት ውጭ ሆኗል ብሎ መዝገቡን ዘጋ፤ ሴትዮዋ መክሰስ ይገባት እንደሆነ ግን ሳይወስን ቀረ። እኔን ብትጠይቁኝ በእኛ አገር ይህ ሥጋት ገና ከእርሻው በፊት ስለ ጎተራው ነቀዝ እንደ መጨነቅ ነው። በሕግ መነገድ የሚቻለው ሕጉ ሰው እጅ ከገባ በኋላ ነው።

እስካሁን የተናገርነው ግን ሁሉ በር ስላለው ቦታ ነው። የምዕራብ ጎጃም ገጠር ሌላ ነው፤ ገበሬው አሠሪ የለውም፤ ማሳውም ደረጃ የለውም። እዚያ ያለውን አድልዎ ለማየት እግርን መመልከት ይገባል። በዚህ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግራቸው ለብዙ ዘመን ከሚያርሱት መካከል የአንዳንዶቹ እግር ያብጣል፤ ሕዝቡ ዝሆኔ ይለዋል። በምዕራብ ጎጃም በደምበጫና በጎረቤት በደብረ ኤልያስ ወረዳዎች ተጠንቶ በ2004 ዓ.ም. ግድም የወጣ ጥናት ከ15 ዓመት በላይ ከሆኑ 100 ሰዎች ከ3 የሚበልጡት ይህ ሕመም እንዳለባቸው አሳይቷል። በኢትዮጵያ የሠራው እንግሊዛዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ያጠናው ይህ በሽታ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ የሚመጣው ከእሳተ ገሞራ አለት ከተፈጠረ ቀይ አፈር ጋር ለረጅም ጊዜ ከመነካካት ሲሆን፣ በተፈጥሮ የተጋለጠውን ሰው ይለያል። ጫማ ይከላከለዋል፤ በሳሙና መታጠብና እግርን መጠበቅ ያስታግሠዋል።

መንደሩ ግን እንዲህ አይለውም። የዘር ነው፣ ይጋባል፣ እርግማን ነው ይላል። ስለዚህ ልጁን አይድርለትም፤ በማኅበር ጽዋው ለብቻ ይሆናል፤ በወንፈል ሲጠራሩ ስሙ ይዘለላል። ሰውየው ግን ያርሳል! ጉልበቱ አልጠፋም። ጉዳቱ በእግሩ የጀመረ ቢሆንም የጨረሰው ጎረቤቱ ነው፤ የ2000 ዓ.ም. አዋጅ ትርጉም እንደዚህ ሰው ልክ የተሰፋለት የለም። ሆኖም አዋጁ የሚናገረው ስለ ሥራ ቅጥር ነው፤ ወንፈል ቅጥር አይደለም፤ የጽዋ ማኅበርም ድርጅት አይደለም። የሚከሰስ የለም። ያም ቢሆን ዕድርና ማኅበር ደንብ አላቸው፤ ዳኛ አላቸው፤ ሰው ይቀጣሉ፤ ይግባኝ ይሰማሉ። «ተጠየቅ» የሚባልበት አደባባይ በየመንደሩ አለ ማለት ነው። ዝሆኔ ያለበት ሰው በዚያ አደባባይ ተነሥቶ «በወንፈል ስሜ የተዘለለው በየትኛው ደንብ ነው?» ቢል፣ መልስ ሊሰጠው የሚገደድ ዳኛ ከፊቱ ተቀምጧል።

እንዲህ ብሎ የሚነሣ ሰው በመድረካችን ላይ አይቼ አላውቅም። ዓይነ ስውር ወደ ትርኢት የሚገባው ወይ ለሣቅ ወይ ለዕንባ ነው፤ አንካሳው ሲወድቅ ይሣቅበታል፤ በመጨረሻው ገቢር ዓይኑን ያጣ ጨካኝ የኃጢአቱን ዋጋ አገኘ ይባላል። አካል ጉዳተኛ ገጸ ባሕርይ ርስቱን ሲከራከር፣ ደመወዙን ሲጠይቅ፣ በፍቅር ሲቀና፣ ሲዋሽም እንኳ የሚታይበት ተውኔት ማግኘት ያዳግታል። መምህሩ በክፍሉ፣ ካድሬው በስብሰባው የሚደግመው ይህንኑ መድረክ ነው፤ ቀኑ ሲደርስ አንድ ዓይነ ስውር ከፊት አስቀምጦ ጭብጨባና መዋጮ ይጠይቃል፤ የስብሰባውን ወረቀት በብሬል አዘጋጅቶ ድምፅ እንዲሰጥ አይጋብዘውም።

ጊዜውም የሚጠብቀን አይደለም። በ2013 ዓ.ም. በሰሜን የተጀመረው ጦርነትና ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል የተከተለው ውጊያ ትናንት ሙሉ አካል የነበራቸውን ብዙ ሰዎች ያለ እግር፣ ያለ እጅ፣ ያለ ዓይን አስቀርቷል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በፍኖተ ሰላም ከተማ በደረሰ ፍንዳታ ብቻ ከ20 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ ከቆሰሉት መካከል ወደ ቀድሞ ሥራቸው እንደ ቀድሞው የማይመለሱ ይኖራሉ። እነዚህ ሰዎች አራሾች፣ ሾፌሮች፣ ተማሪዎች፣ ነጋዴዎች ነበሩ። «ስለ ማርያም» ማለትን ገና አልለመዱም፤ የድንበር ሙግት ግን ያውቃሉ። ለእነርሱ ደግሞ አንድ መንገድ ተከፍቶ ነበር፤ የ2000 ዓ.ም. አዋጅ ተበዳዩ ብቻውን ዳኛ ፊት እንዲቆም አላስገደደም። የአካል ጉዳተኞች ማኅበር፣ የሠራተኛ ማኅበርም ስለ እርሱ ክስ እንዲያቀርቡ ፈቅዷል። መምህራን ማኅበር አላቸው። የኪነ ጥበብ ሰዎችም አለን። የፋብሪካ ሠራተኞች ሊኖራቸው ይችላል። በእነዚህ ማኅበሮች ዓመታዊ ጉባኤ፣ ከሒሳብ ሪፖርቱና ከምርጫው መካከል፣ ይህ ጉዳይ አንድ የአጀንዳ ተራ ቍጥር ያስፈልገዋል።